የላይኛው ሸለቆ መንገድ

ኅዳር 9
በረዶ ገና የለም። የማዘጋጃ ቤቱ ቢሮ ምድጃ አልቀጣጠል ብሎ ስንንቀጠቀጥ ዋልን። አዲሱ ሕግ ደርሷል፤ የከተማችን ገቢና ወጪ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ መውጣት አለበት። ለጣፊዋ እኔ። ጥሩ ነው... የሕዝብን ገንዘብ ሕዝብ ይየው።

ኅዳር 16
አንድ መስመር ላይ እጄ ቆመ። "የላይኛው ሸለቆ መንገድ፣ በረዶ ጠረጋ። ተጠቃሚ፦ አንድ ቤት።" የእማ ቤት ነው። ጎረቤቶቿ አልቀዋል።
"ከሌሎቹ መንገዶች ጋር ልደምረው?" አልኩት አለቃዬን።
"ሕጉ ለየብቻ ነው የሚለው። ወይስ ለእናትሽ ስትይ?"
አፈርኩ። ለጠፍኩት።

ኅዳር 21
ከሥሩ አስተያየት ተጽፏል። "ለአንድ አሮጊት ይሄ ሁሉ የን ይከፈላል? የልጆቻችን ትምህርት ቤት ግን ተዘጋ።" ስም የለውም። ውሸትም የለበትም... እሱ ነው ያንገበገበኝ።

ኅዳር 24
ለእማ ማን ነገራት? የይቅርታ ስጦታ ብላ ፎጣና የባቄላ ጣፋጭ ይዛ ቤት ለቤት ስትዞር ዋለች። ጎንበስ እያለች፣ "አስቸገርኳችሁ፣ ይቅርታ።"
"ኧረ ምን አጠፉና!" ይሏታል። ፎጣውን ግን ተቀበሉ። ሁሉም።

ታኅሣሥ 2
በረዶ ጣለ። የጠረጋ መኪናው ሾፌር ጋሽ ናጉሞ ቢሮ መጡ፣ ፊታቸው ጠቁሮ።
"እናትሽ መኪናዬ ፊት ቆሙ እኮ! ጎንበስ ብለው፣ 'ለእኔ ብለህ አትልፋ፣ ተመለስ' አሉኝ። ታዲያ በላያቸው ልሂድ?"
"ነገ ይሂዱላት፣ በሞቴ!"
"ጠረጋ አልፈልግም ብለው ለቢሮው ጽፈዋል አሉ፤ እንዳልሄድ ተከልክያለሁ።"

ታኅሣሥ 3
ደወልኩላት።
"እማ፣ እኔ ጋ ነይ።"
"ለአባትሽ ነፍስ መሠዊያው ላይ ሩዝ ማን ያቀርባል?"
"ነይ አልኩሽ!"
"ደግሞ አንቺን ላስቸግር?" ዘጋችው።
ምን ላድርግ? ማንን ልለምን? ጨነቀኝ።

ታኅሣሥ 11
ቀንና ሌሊት ሳያባራ ይጥላል። ስልኳ አይነሳም። በእግሬ ሞከርኩ... እስከ ወገቤ ዋጠኝ፣ ተመለስኩ። ጋሽ ናጉሞ እግር ላይ ወደቅሁ። ማንንም ሳያስፈቅዱ ሞተሩን አስነሱ።

ታኅሣሥ 12
ደጇን ስትጠርግ ነው የወደቀችው። አካፋው እጇ ላይ ነበር። እማዬ... እማዬ...

ጥር 4
የወሩ ወጪ የሚለጠፍበት ቀን። አለቃዬ አጠገቤ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።
"ያቺን መስመር... ከሌሎቹ ጋር ደምሪያት።"
"ሕጉ ለየብቻ ነው የሚለው" አልኩት።
እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "የላይኛው ሸለቆ መንገድ፣ በረዶ ጠረጋ፦ አንድ ጊዜ። ተጠቃሚ፦ የለም።"
ለጠፍኩት። እስኪመሽ ጠበቅሁ። አስተያየት የጻፈ ሰው አላየሁም።