ያለ ጫት በሱማራ ዳገት

ጥቅምት 4
ተሳፋሪ ጭኜ ሦስት ምልልስ። ከኢብ የሪም፣ ከየሪም ኢብ። ፔጆዋ ደህና ናት። ምሳ ሳልታ በላን፤ ከዚያ ከሹፌር ጓደኛዬ ከቃይድ ጋር ጫት ገዛን። ለምለም፣ ጤዛው ገና ያልደረቀ። ጉንጬን ሞልቼ ሱማራን ወጣሁ። ጉም ነበር።

ልጄ ተቂያ ዛሬም በእግሯ ነው የመጣችው። ከትምህርት ቤት እስከ ቤታችን አንድ ሰዓት ሙሉ ዳገት። መንገድ ላይ አገኘኋት፣ ክላክስ አደረግኩላት፣ ግቢ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የአባቷን መኪና ትጸየፋለች? ተሳፋሪ ፊት አፈርኩ።

ጥቅምት 5
እናቷን ጠየቅኳት። ዙህራ "እሷኑ ጠይቃት" ብላኝ ማድቤት ገባች። በዚህ ቤት ሁሉም የሚያውቀው፣ እኔ ብቻ የማላውቀው ነገር አለ።

ጥቅምት 7
አርብ። ተቂያን ጣራው ላይ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት። መኪናዬ ውስጥ ለምን እንደማትገባ ጠየቅኳት።
"እፈራለሁ።"
"ምኑን? ዳገቱን?"
"አንተን።"
እርጥቡን ልብስ ገመዱ ላይ ዘረጋች።
"ስትቅም ታወራለህ አባባ። ከአጎቴ ከሙቅቢል ጋር።"

ሙቅቢል ወንድሜ ነው። ከሞተ ሁለት ዓመቱ። ከቤታችን ዝቅ ብሎ ባለው ትልቁ ኩርባ ላይ ከነመኪናው ገደል ገባ። የመኪናው ቅሪት እስከ ዛሬ ከላይ ይታያል።

"ምን እለዋለሁ?"
"እዚያ ኩርባ ላይ ስትደርስ 'እሺ፣ መጣሁ' ትለዋለህ።"

ወላሂ አንዷንም ቃል አላስታውስም። ልብሱን አስጥታ ጨረሰች፣ ወረደች። እኔ እዚያው ጣራ ላይ ቀረሁ።

ጥቅምት 8
ሐጃ ኑርያን ጋቢና አስቀመጥኳቸው። በየሳምንቱ ዶሮ ይዘው ገበያ የሚወርዱ አሮጊት ናቸው፤ አይዋሹም።
"ሐጃ፣ ስነዳ አወራለሁ እንዴ?"
"ዛሬ ነው ያወቅኸው ልጄ?"
"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"
"ደንግጠህ መሪውን ብትለቀውስ! እኛ ለነፍሳችን እንሰጋለን።"

ሁለት ዓመት ሙሉ ሱማራ ላይ ስደርስ ተሳፋሪው ከኋላ ቁርአን ሲቀራ እሰማለሁ። የኔ ተሳፋሪ አላህን የሚፈራ ነው እያልኩ ቃይድ ላይ እኮራ ነበር። ለካ የሚፈሩት እኔን ነው።

ጥቅምት 9
ጫት አቆማለሁ። ጻፍኩት... ስለጻፍኩት ሆነ ማለት ነው?

ጥቅምት 10
ከምሳ በኋላ ቃይድ ቤት። የሰፈሩ ወንድ በዚያ ሰዓት ሌላ የት ይሄዳል? ባዶ ጉንጬን ይዤ ጥግ ተቀመጥኩ።
"ምነው፣ ታመምክ?"
"አልታመምኩም።"
"ሚስቱ ናት ባክህ!" አለ አንዱ።
"ኧረ ሐኪም ነው። ስንት ወር ሰጠህ?"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቃይድ ከራሱ የጫት ዙርባ ቀንበጥ መርጦ ወረወረልኝ፤ ጭኔ ላይ አረፈ። አየሁት፣ አየሁት... አልቃምኩም። ግን ይዤው ወጣሁ። አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። ለምን ይዤው ወጣሁ?

ጥቅምት 11
ጣልኩት። ሐራራው ጀመረኝ። ተቂያ ብርጭቆ አስቀምጣ "ኮሽ" ስላደረገች ጮህኩባት። ለሷ ብዬ አቁሜ በሷው ላይ እጮሃለሁ።

ጥቅምት 12
ዱካክ። ጫት የተወ ሰው እንቅልፉ ውስጥ ይመጣበታል ሲሉ እሰማ ነበር፤ የሰነፍ ሰበብ ይመስለኝ ነበር። ቀትር ላይ ጋደም እንዳልኩ መጣ። ሙቅቢል መሪ ይዟል፣ እኔ ከኋላ ነኝ። ፊቱን አያዞርም። ደረቴ ላይ የወፍጮ ድንጋይ ተጭኗል። ልጮህ... ድምፅ የለም። ዙህራ ወዝውዛ ቀሰቀሰችኝ።
"ከምታብድብን ቃምና ይለፍልህ" አለች። እሷ እንኳን!

ጥቅምት 13
ይህን መጻፍ አለብኝ። ለማንም ስለማልነግረው።

ከሰዓት፣ ከኢብ ስመለስ። ስምንት ሰው ጭኛለሁ። ጉንጬ ባዶ ነው። አላወራሁም፤ ማውራቴን እየጠበቅኩ ራሴን ሳዳምጥ ነበር። ከኋላም ማንም ቁርአን አይቀራም። ዝም ብለው ነው። ደስ አለኝ። ይኸው፣ አምነውኛል አልኩ።

ከዚያ የጎማው ድምፅ ተለወጠ። ጠጠር። ዓይኔን ስከፍት፣ አዎ፣ ስከፍት፣ የቀኝ ጎማ የገደሉን ጠርዝ ድንጋይ ይዟል። ትልቁ ኩርባ ላይ። መሪውን ወደ ግራ ሰበርኩት። መኪናዋ ተንገጫገጨች፣ ተመለሰች።

በመስታወት ኋላ አየሁ። ስምንቱም ተኝተዋል። ስለቃምኩ ሲጸልዩ ኖረው፣ ስለተውኩ ተኙ። እኔም አብሬያቸው ተኛሁ። ማንም አልነቃም። ሳወርዳቸው "አላህ ይባርክህ፣ ዛሬ በሰላም ነዳህ" ብለው ሄዱ።



ጥቅምት 14
ለቃይድ ብቻ ነገርኩት። አልነግርም ብዬ ነበር... አልቻልኩም። አልሳቀም።
"ስማ፣ ይህ ዳገት ያለ ጫት አይነዳም። ወይ ቃም ወይ ቁም።"
ልክ ነው። ብቅም ሙቅቢል ይጠራኛል፤ ብተው እንቅልፍ። ሁለቱም የሚወስዱኝ አንድ ገደል ነው።
ቁልፉን ሰጠሁት። እስኪሻለኝ እሱ ይንዳት፣ ገቢውን እኩል።

ጥቅምት 18
ከዙህር ሶላት እስከ መግሪብ ያለው ሰዓት እንዲህ ረጅም ነው? ጫት ይዞ በርጫ የሚቀመጥ ሰው አያውቀውም። እጄን የት ላድርገው? አጥር ካብኩ። አፈረስኩት፣ ደግሜ ካብኩ።

ጥቅምት 20
ተቂያን ልቀበላት በእግሬ ወረድኩ። አብረን ወጣን፤ እሷ አሥር እርምጃ ቀድማ። ዳገቱ ትንፋሼን ቆረጠው። ይህን በየቀኑ ትወጣዋለች? በኔ ምክንያት?

ጥቅምት 22
አምስት እርምጃ።

ጥቅምት 24
ተቂያን ትምህርት ቤት እግሯ ወለም ብሏት አገኘኋት። መርገጥ አቃታት። መንገድ ዳር አስቀምጬያት ሳለሁ ፔጆዋ መጣች። ቃይድ ቆመ።
"ጫናት! ለልጃችን ቦታ አይጠፋም።"

ቀና ብዬ አየሁት። ጉንጩ ብርቱካን አክሏል። ከንፈሩ አረንጓዴ። ዓይኑ እኔ ላይ ነው፣ ግን አያየኝም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ቃይድ ነው... እኔ እንዲህ ነበርኩ? ከኋላ አንዲት ሴት ቀስ ብላ ቁርአን ትቀራለች።

ተቂያ እኔን ታያለች።
"ቁልፉን ስጠኝ ቃይድ።"
"ምን?"
"መኪናዬን።"
"ስምንት ሰው ጭኜ? ጫት ብትተው ጭንቅላትህንም ተውከው እንዴ?"

እጄን በመስኮት ሰድጄ ቁልፉን ነቀልኩ። ወረደ። እጁ ወደ ወገቡ ጩቤ ሄደች። አልመዘዘም፤ ግን ሄደች። ሃያ ዓመት አብረን በልተናል። ተሳፋሪው ጮኸ፣ ሰደበኝ፣ "እብድ ነው፣ ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ጤና የለውም" አለ። ክፍያቸውን መለስኩ፤ ሌላ መኪና ያዙ። የዚያኛውም ሹፌር ጉንጩ ሙሉ ነበር።

ለመንዳት ራሴን አላመንኩም፤ ፔጆዋን እዚያው ቆልፌ ተቂያን አዘልኳት። ትልቁ ኩርባ ላይ ስንደርስ አንገቴን አጥብቃ ያዘች። ታች አላየሁም። ቤት እስክንገባ እጇን ከአንገቴ አላወረደችም።

ጥቅምት 26
ቃይድ የሌላ ሰው መኪና ይዞ በቤታችን በር አለፈ። ሆን ብሎ ክላክስ አደረገ። ዙህራን "ይኸው በደህና ተመለስኩ በይልኝ" ብሏታል። በደህና መመለሱ ነው የሚያስፈራው። እኔም ስንት ዓመት በደህና ተመልሻለሁ።

ኅዳር 2
አምስት ቀን ዱካክ የለም። ሌሊቱን እስኪነጋ ተኛሁ። ስነቃ ጸጥታው ራሱ አስደነገጠኝ።

ኅዳር 6
መሪ ያዝኩ። ከዳገቱ ሥር አቁሜ ግማሽ ሰዓት እተኛለሁ፤ ላልወደደ ሌላ መኪና አለ። አንዱ ተሳፋሪ "ሹፌር ተኝቶ ተሳፋሪ የሚጠብቅበት አገር" ብሎ ዶሮ የያዙትን ሐጃ ኑርያን አሳቃቸው። ይሳቁ። ኩርባው ላይ መሪውን በሁለት እጄ ያዝኩ፣ አፌን ዘጋሁ። ሐራራው አሁንም አለ። ከዙህር በኋላ ይመጣል፣ አጠገቤ ይቀመጣል፣ አይወርድም።

ኅዳር 13
ተቂያ ገባች።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። አልጠራኋትም። ራሷ መጥታ በሩን ከፈተችና ጋቢና ተቀመጠች። ደብተሯን ጭኗ ላይ አደረገች። ስለ ሂሳብ ፈተናዋ ነገረችኝ፣ ስለ አንዲት ተንኮለኛ ልጅ ነገረችኝ። ደስታዬን የምይዝበት ጠፋኝ።

ጉም ወረደ። ፍሬን ያዝ አደረግኩ። ያኔ እጇን አየሁት። የበሩን መክፈቻ ይዛለች። ከተነሳን ጀምሮ ነው መሰለኝ የያዘችው፤ ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል። እያወራችኝ፣ እየሳቀችልኝ፣ ለመዝለል ተዘጋጅታለች።

ልቀቂው ልላት አፌን ከፈትኩ። በምን አንደበቴ?

ቤት ደርሰን እሷ ስትገባ እኔ ውጭ ቀረሁ። የጋቢናው በር ከውስጥ ይይዛል፤ ሁለቴ ሦስቴ ካልተሳበ አይከፈትም። ፈታሁት፣ ጠረግኩት፣ ግራሶ ቀባሁት። ደጋግሜ ሞከርኩት። አሁን የልጅ እጅ አንዴ ሲስበው ይከፈታል።