በስማቸው ለመፈረም የታገሉት አርክቴክት አሌያማ ፖቴን (1934–2019)

አርክቴክት አሌያማ ፖቴን ከአባታቸው ከኢቲ ቼሪያንና ከእናታቸው ከአኔማ እ.ኤ.አ. በ1934 በሕንድ፣ በኬረላ ግዛት፣ ኮታያም ከተማ አጠገብ ተወለዱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደጨረሱ አባታቸው በድንገት ስላረፉ ኮሌጅ የመግባት ሐሳባቸው ቀረ። ያን ጊዜ የታላቅ እህታቸው የሳራማ ባለቤት፣ አርክቴክት ኩሪየን፣ ኤርናኩለም ወደሚገኘው ቢሯቸው ወስደው ንድፍ አስተማሯቸው። አሌያማ ይህን ውለታ እስከ መጨረሻው አልካዱም።

መጀመሪያ የኩሪየንን ንድፍ በቀለም ይገለብጡ ነበር። እያደር ግን ቦታውን የሚለኩት፣ ከአሠሪው ጋር የሚመክሩት፣ ንድፉን የሚያወጡት እሳቸው ሆኑ። ፊርማው ግን የኩሪየን ነበር። በ1959 መምህር ፖቴንን አግብተው ሁለት ልጆች አፈሩ። የመጀመሪያውን አርግዘው፣ በነደፉት ሆስፒታል ግንባታ መወጣጫ ላይ ቆመው ሳለ ያዩአቸው ቄስ፣ “አንቺ ልጅ፣ እዚያ ከወለድሽ ማን ወጥቶ ያጠምቅልሻል?” ብለው መጮኻቸው እስከ ዛሬ ይወራል።

በ1972 የአርክቴክቶች ሕግ ወጣ። ዲግሪ ሳይኖራቸው ሙያውን በሥራ የተማሩ ሰዎች ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ማስረጃ አቅርበው መመዝገብ ነበረባቸው፤ ያልተመዘገበ አርክቴክት ነኝ ቢል ይቀጣል። አሌያማ የኩሪየንን ምስክርነት ጠየቁ።

“ሥራው ያንቺ ነው ብዬ ከመሰከርኩ፣ እኔ የሰው ሥራ በስሜ ሳጸድቅ ኖርኩ ማለት አይደለም?” አሏቸው።

“አቻየን፣ የእርስዎን አልነካሁም። የኔን ነው የጠየቅሁት” አሉ አሌያማ፣ እንደ ታላቅ ወንድም በአክብሮት እየጠሯቸው።

ኩሪየን ተነሥተው ሄዱ።

አሌያማ ለመመዝገብ ሲያመለክቱ፣ ማስረጃውን የሚመረምረው ኮሚቴ ኩሪየንንም ጠራ። ሰብሳቢው የሆስፒታሉን ንድፍ ዘርግተው፣ “ይህ የማን ሥራ ነው?” አሉ።

“የኔ ነው። እሷ መስመር ነው ያሰመረችው።”

ይህን ጊዜ እህታቸውን ለመሸኘት መጥተው በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሳራማ ብድግ አሉ።

“ይቅርታ ጌቶቼ። እሳቸው ባሌ ናቸው፤ ዛሬም ማታ አብሬያቸው ነው የምበላው። ሆስፒታሉ ግን የእህቴ ነው። የምግብ ጠረጴዛዬን ይዛብኝ ስትነድፈው ዓሣዬን ቆሜ ነው የበላሁት። እሳቸው በምረቃው ዕለት የማዋለጃ ክፍሉን ጠይቀው ነው ያገኙት።”

ማንም አልሳቀም። ሰብሳቢው ወደ ኩሪየን ዞሩ። ኩሪየን መነጽራቸውን አወለቁ።

“እውነቷን ነው” አሉ።

አሌያማ ስለ ሥራቸው ሲመረመሩ ዋሉ፤ በዚያው ዓመት ተመዘገቡ። የራሳቸውንም ቢሮ ከፈቱ።

ኩሪየን ግን ለዓመታት ደጃቸውን አልረገጡም። ሳራማ ባላቸው ቢሮ ሲገቡ ጠብቀው እህታቸውን ይጠይቁ ነበር። በ1981 ኩሪየን የቦታ ካርታ በብብታቸው ይዘው አሌያማ ቢሮ ገቡ። “የጡረታ ቤት ልሠራ ነው። ንድፉን አንቺ አውጪው፤ ፈርሚበትም” አሉ። አሌያማም ወንበር ሳቡላቸውና፣ “ደረጃ ይኑረው? ወይስ ጉልበትዎን ያስቸግርዎታል?” ብለው ሥራ ጀመሩ።

ባለቤታቸውን በ2006 የቀበሩት አሌያማ፣ በኩላሊት ሕመም ሲረዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 2019 በ84 ዓመታቸው አርፈዋል። ሁለት ልጆችንና አራት የልጅ ልጆችን አፍርተዋል። ታላቅ እህታቸው ሳራማም ዛሬ ከፊታችን ተቀምጠው ያለቅሷቸዋል።

በሰው እጅ ያልተሠራ ቤት ያለው አምላክ ነፍሳቸውን በዚያ ይቀበልልን። አሜን።