የዘጠኙ ቶን ማረፊያ

ይድረስ ለልጆቼ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ስለ እኔ አታስቢ። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ልጃችን ነው።

መሐንዲስ ሆና እኔ የምለስንበት ሕንፃ ላይ ስትመደብ ፎርማኑ፣ «ይህችን ለጋ ደግሞ ማን ላከብን?» አለ። እኔም በራሷ ትቁም ብዬ አባቷ መሆኔን ዋጥ አደረግሁ።

ማክሰኞ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አሸዋ ተከመረ። ወለሉን የተሸከመው ኮንክሪት ቢም፣ የራሱ አምድ እስኪሠራለት ሁለቱ ጫፎቹ በእንጨት ቋሚ ተደግፈዋል። ክምሩ በአንዱ ጫፍ ከፍ ብሎ፣ ወደ ሌላው እየሳሳ ሄዶ ያልቃል። ልጅሽ ስታየው ፊቷ ተለወጠ። ፎርማኑ ግን፣ «ምን ያስደነግጣል? ዘጠኝ ቶን ቢሆን ነው። አራት ተኩል አራት ተኩል ይደርሳቸዋል፤ ቋሚዎቹ ከቢሙ ክብደት ሌላ አምስት አምስት ይችላሉ» አላት።

ጠመኔ አወጣችና ግድግዳው ላይ ሦስት ማዕዘን ሣለች። ጨዋነቷን ብታይው! «ጋሼ፣ ክምሩን ሁሉ እንደ አንድ ሸክም ሰብስበው ቢያስቡት፣ መሃል ላይ አያርፍም። ከፍ ያለው ወገን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ከዚያ ጫፍ ሲለካ ሲሶው ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ የዚያ ጫፍ ቋሚ ድርሻ ስድስት ቶን ነው፣ የሌላኛው ሦስት» አለችው።

መልሱንም ሳትጠብቅ «ከሥር ያላችሁ ውጡ!» ብላ ጮኸች። ሁሉም ወጣ፤ አንድ ግትር ለሳኝ ብቻ «ይህችን ጥግ ልጨርስ» ብሎ ቀረ። ገብታ ክንዱን ይዛ እየጎተተች አወጣችው። ጉልበቷ መቼም ያንቺ ነው! በሩን ገና ሲሻገሩ ያ ቋሚ ተሰነጠቀና ቢሙ ከነአሸዋው ወረደ።

አቧራው ሲረግብ ሰው ተቆጠረ፤ ማንም አልጎደለም። ፎርማኑ ቀረበና፣ «የኔ እመቤት፣ አፌ ቁርጥ ይበል» አላት። አሁን አንዲት ባሬላ አሸዋ እንኳ እሷ ቦታውን ሳታሰምር አይወርድም።

«ልጄ ናት» ልል ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቀደመችኝ። ሠራተኛው ሁሉ እያየ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «አባባ» እያለች አለቀሰች። ለምን እንዲያ እንዳለቀሰች እንጃ፤ ድካም ይሆናል።

እሷን ያቀፈ ክንድሽ አይዛል፤ ደጅሽ ክፉ አይይ። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ የሥራ ኮፍያ ላኪልኝ፤ የእኔው ከፍርስራሹ ሥር ቀርቷል።

የልጆችሽ አባት