የለቅሶ እህል ይቀድማል

ውዷ እናቴ፣ እቴቴ፤

ከተለየሽን እነሆ ዓመት ሞላ። ባለፈው እሑድ ሙት ዓመትሽን ዘከርን። ካህናቱም ጎረቤቱም በልተው ጠጥተው፣ ነፍስ ይማር ብለው ሄዱ። ድንኳኑ ፈርሶ ሰው ሁሉ ሲበተን፣ ሳልነግርሽ የቀረ ነገር እንዳለ ትዝ አለኝና ይኸው ለመጻፍ ተቀመጥኩ። በሕይወት ሳለሽ ወሬ ስጀምር ፍሬ ነገሩን ንገሪኝ እያልሽ ታቋርጪኝ ነበር። ዛሬ የሚያቋርጠኝ የለምና ትንሽ ባረዝመው አትቀየሚኝ።

ቤቱ ደህና ነው። የታላቅ ወንድሜ ልጅ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ትርፍ ጫማ ብንገዛላት እንደምትቆጪ ስለማውቅ አንድ ብቻ ገዛሁላት። እዚህ አማኑኤል ከተማችን ባጃጁ በዝቶ በገበያ ቀን መንገድ መሻገር መከራ ሆኗል። ወፍጮው ይሠራል፤ ድንጋዩንም ባለፈው ወር አስወቅሬዋለሁ። ዱቄቱ ሲወርድ እንዳንቺው በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ አሸት አሸት አደርገዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽና፣ ምን ፍለጋ እንደማሸው ገና አላወቅኩም። ሰው ስለሚያየኝ ግን ራሴን ነቅነቅ አደርጋለሁ።

እቴቴ፣ አንቺን ሳስብ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣብኝ ወፍጮው የመጣ ዕለት ነው። አባታችን ሲሞት አምስት ልጅ ታቅፈሽ ቀረሽ። ከየገጠሩ ቅቤ እየሰበሰብሽ ደብረ ማርቆስ ትሸጪ ነበር፤ ከቅቤው ወደ ጤፍ፣ ከጤፉ ወደ ባቄላ እያልሽ ስንት ዓመት ለፋሽ። ወፍጮ ልገዛ ነው ስትዪ ያልሳቀብሽ ሰው አልነበረም፤ ሴት ደግሞ ሞተር ታስነሳለች ወይ ተባለ። አንቺ ግን አዲስ አበባ ሄደሽ ገዛሽ። ልጆችሽ መንገድ ዳር ተደርድረን ስንጠብቅ የጭነት መኪናው ብቅ አለ። ጋቢናው ውስጥ ብናይ የለሽም። ቀና ስንል ከጭነቱ አናት ላይ፣ በሸራ የተሸፈነው ሞተር ላይ፣ ገመዱን በሁለት እጅሽ ጨብጠሽ ተቀምጠሻል። የታሰረበትን ገመድ ስላላመንሽው የዓባይን ቁልቁለትና አቀበት ሁሉ እንደዚያ ሆነሽ ነው የመጣሽ። ሹፌሩ ደጀን ላይ፣ እባክሽ ውረጂልኝ፣ ሰው ይስቅብኛል ብሎ ለምኖሽ ነበር አሉ። ከአቧራው የተነሳ የሚታየው ዓይንሽ ብቻ ነበር፤ እስክትቆጪኝ ድረስ እናቴ መሆንሽን አላወቅኩም። አንቺን መፍራትና መውደድ አንድ ላይ የጀመርኩት የዚያን ቀን ነው፤ እስከ ዛሬም አልተለያዩልኝም።

ከዚያ በኋላ ያለውን አገር ያውቀዋል። አንዱ ወፍጮ ሁለት ሆነ፤ አይሱዙም ተገዛ። ምጥ የያዛት ሴት መንገድ ላይ ከተገኘች ጤፉ ከመኪናው ይወርድና እሷ ትጫናለች፤ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ደርሶ እስኪመለስ ጤፍሽ መንገድ ዳር ያድራል። ወላጅ የሌላቸው ልጆች ከእኛው ጋር አደጉ። ቁጣሽ ለሁላችንም እኩል ስለነበር የትኛው ከማኅፀንሽ እንደወጣ እንግዳ ሰው አይለይም። ለትምህርት ቤቱ ክፍል አሠርተሽ ስታበቂ ስምሽን በእብነ በረድ እንጻፍልሽ ቢሉሽ፣ በእብነ በረዱ ዋጋ ወንበር ግዙበት አልሻቸው። ሁሉን እንደ ቀላል ነገር ስታደርጊው ስለኖርሽ ለእኛም ቀላል ይመስለን ነበር። ምን ያህል ሰው እንደነበርሽ የገባኝ አሁን በቦታሽ ስቆም ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የወፍጮ ቤት ሕግሽ ነው። ሁሉም በተራው ያስፈጫል፤ የሀብታሙም የቄሱም እህል ተራ ይጠብቃል። ሰው የሞተበት ቤት እህል ግን ይቀድማል፤ ዋጋም አይጠየቅበትም። ሰርግ ይቆያል፣ ሞት ቀጠሮ አያውቅም ትዪ ነበር። አንድ ባለ ሰርግ ለምን ተቀደምኩ ብሎ ቢቆጣ፣ ያንተ እንግዶች እየጨፈሩ ይጠብቁሃል፣ የእሱ እያለቀሱ ነው ብለሽ አፉን አስያዝሽው።

ልነግርሽ የፈለግኩት የዚህን ሕግ ነገር ነው። በቀብርሽ ቀን የሆነውን የነገረሽ የለምና።

ያረፍሽ ዕለት ወንድምሽ ጋሽ ደምሴ ወፍጮው እስከ አርባሽ እንዳይነሳ አዘዙ። እንዲህ ያለች ሴት ሞታ ሞተር ቢጮህ አገር ምን ይለናል አሉ። እኔም ክብርሽ መስሎኝ ደስ አለኝ። ገላሽ ሲታጠብ ከወገብሽ የፈታሁትን የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ መቀነቴ ላይ ቋጠርኩት። ጎረቤት ለለቅሶሽ ያመጣው ጤፍ ራሱ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ተከምሮ፣ ዱቄት ከደብረ ማርቆስ ተገዝቶ እንዲመጣ ሰው ላክን።

ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጥን አንድ ገበሬ ጆንያ በአህያ ጭኖ መጣ። ጋቢውን ያጣፋው እንደ ሐዘንተኛ ነው። የተዘጋውን በር አየ፤ ድንኳኑን አየ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ አህያውን አዞረ። አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት ብጠይቃት፣ ከወንዝ ማዶ ነው፣ ዛሬ ጠዋት እናቱ ሞታበት ነው አለችኝ።

እቴቴ፣ ብነሳ አጎቴን በአገር ፊት ማዋረድ ነው፤ በእናቷ ቀብር ቀን ሞተር አስነሳች የሚለው ስምም እስከ ልጅ ልጅ አይለቀኝም። ብቀመጥ ደግሞ ዕድሜሽን ሙሉ ያቆምሽው ሕግ ካንቺው ጋር በአንድ ቀን መቀበሩ ነው። የምጠይቀው ሰው ቸገረኝ፤ እንዲህ ሲጨንቀኝ የምጠይቀው አንቺን ነበር።

ተነሳሁ። ጋሽ ደምሴ ወዴት ነው አሉኝ። ቁልፉን ከመቀነቴ ፈትቼ አሳየኋቸው። ሰውየውን ሮጬ ከመንገድ መለስኩት፤ በእሷ ቀንስ አይሆንም፣ ነውር ነው እያለ ሲከራከረኝ ጆንያውን ራሴ አወረድኩ። ሞተሩን አስነሳሁት።

ድምፁ ድንኳኑ ሲደርስ ሙሾ የምታወርደው ሴት ሙሾዋን አቋረጠች። ከዚያ ሴቶቹ ገና መርዶ እንደሰማ ሰው እሪ አሉ። ለካ አገሩ አንቺንና ያንን ድምፅ ለይቶ አያውቅም ኖሯል።

ጋሽ ደምሴ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ቁጣቸውን ስጠብቅ፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ዱቄቱ ከሚወርድበት ሥር በርከክ አሉና የጆንያውን አፍ ያዙ። ዱቄቱ ጢማቸው ላይ እየበነነ አለቀሱ። ሰውየው ደጅ ወዳለው ጤፋችን እያሳየ፣ የእናንተም ሞት ነው፣ የእሷ ይቅደም አለ። አጎቴ ቀና ብለው፣ እሷ ብትኖር ማንን ታስቀድም ነበር ብለው ጠየቁት። ሰውየው ጎንበስ ብሎ የጆንያውን ሌላ ጫፍ ያዘ።

እንዲህ ሆነ፣ እቴቴ። በገዛ ወፍጮሽ፣ በገዛ ቀብርሽ ቀን፣ ያንቺ የለቅሶ እህል ሁለተኛ ተፈጨ። ያን ዕለት ኮራሁብሽ፤ ፈራሁሽም።

ፎቶሽ ሳሎን ተሰቅሏል፤ ያምራል። እኔ የማስታውስሽ ግን በእሱ አይደለም። ሞት የገባበት ቤት ጆንያውን ይዞ በመጣ ቁጥር፣ ብታመምም ቢደክመኝም እነሳለሁ። የእኔ ቀን ሲደርስም፣ ከእኔ በፊት የሌላውን ሐዘንተኛ እህል እንድትፈጭ ለልጄ ነግሬያታለሁ።

ልጅሽ ብርቄ