ለአድማሱ፦ የፈንታን ጊታር ጨርሼዋለሁ

አድማሴ፣ ሆዴ፣

ከተለያየን አሥራ አራት ወር ሆነን። ያን ቀን ሻይህን ቆመህ ጠጥተህ፣ «ዛሬ ቶሎ እመጣለሁ» ብለኸኝ ወጣህ። ቂርያት ቫይዝማን ካለው ሥራህ ወደ ቤት ስትመለስ አውቶቡስ ላይ ልብህ ቆመች። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምነግርህ አጥቼ አይደለም። የምነግርህ ነገር እጄን እየያዘኝ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ብርቱካን ከጻቫ፣ ከውትድርናዋ፣ ወጥታ ቤርሼባ መማር ጀምራለች። በየሁለት ሳምንቱ ለሰንበት ትመጣለች፤ ጠባይዋ አንተን ነው፣ ሳታንኳኳ ገብታ ድስቱን ትከፍታለች። እኔ እዚያው ሄርዝል ጎዳና ያለው ክሊኒክ ነኝ፤ አሁን የጠዋቱን ፈረቃ ሰጥተውኛል፣ አርብ አርብ ደግሞ አልገባም። የመርፔሴቱ፣ የበረንዳው፣ በር መጮኹን ትቷል። ጃኬትህ ግን ከተሰቀለበት አልወረደም። ብርቱካን «አውርጂው እንጂ እማ» ትለኛለች፤ እሺ እላታለሁ፣ አላወርደውም።

የምጽፍልህ ስለ ፈንታ ነው። አንተ የምታውቀውንም ደግሜ እጽፋለሁ፤ እንዴት እዚህ እንደደረስን ለራሴም መስመር እንዲይዝልኝ።

አንተ ኪቦርድ እየመታህ ስትዘፍን፣ ታናሽ ወንድምህ ፈንታ በኤሌክትሪክ ጊታሩ ሲያጅብህ፣ ረሆቮት ውስጥ ያላሞቃችሁት ሠርግ አልነበረም። የእህቴ ልጅ ስታገባ ግን፣ ሰው ሁሉ እየጨፈረ ሳለ፣ ከቴል አቪቭ ልጆች ጋር መሥራት እንደጀመረና ካንተ ጋር እንደማይቀጥል ፈንታ ነገረህ። ጊታሩን ይዘህ ጎተትክ፣ እሱም ጎተተ። ጊታሩ ከመድረክ ወድቆ ሆዱ ተከፈተ፣ ሽቦዎቹ ተበጣጠሱ። «ወንድሜ አይደለህም፣ አዛዤ ነህ! በቃኝ!» ብሎህ በዘመዶቼ ፊት ጥሎህ ወጣ። ጊታሩን የት እንዳደረስከው አልጠየቅኩህም፤ የጣልከው መስሎኝ ነበር። እሱ አሽዶድ ገባ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳትነጋገሩ ቀራችሁ።

የመጨረሻውን ክረምት አርቦች ታስታውሳቸዋለህ? ሻባት ሳይገባ፣ እኔ ምግቡን ከጣድኩ በኋላ፣ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ታነጥፍና አንዲት የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር ነገር ታወጣ ነበር። ከጅራቷ አራት ቀጫጭን ሽቦ ተንጠልጥሏል፤ ቀይ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር። «የማን ናት?» ስልህ «ሚፍአል፣ ፋብሪካው ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ጠግንልኝ ብሎኝ ነው» አልከኝ። ፒክአፕ እንደምትባል፣ ከጊታሩ ክሮች ሥር ተቀምጣ ንዝረታቸውን እንደምትሰማ፣ ውስጧ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ የተጠቀለለባቸው ሁለት ጥቅልሎች እንዳሉ ነገርከኝ።

«ቀለሙን አትመኚ» ትለኝ ነበር። «እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደፈለገ ነው የሚቀባው። የኤሌክትሪክ መለኪያውን ብቻ እመኚ።»

በመጀመሪያ ጥንዶቹን ፈለግን። የመለኪያውን ሁለት ጫፎች ሁለት ሽቦ ላይ ስታስነካ መርፌው ከተነሣ የአንድ ጥቅልል ሁለት ጫፎች ናቸው፤ ካልተነሣ አይተዋወቁም። ቀዩና ነጩ አንድ ሆኑ፣ አረንጓዴውና ጥቁሩ አንድ ሆኑ። ቀጥሎ የትኛው ጫፍ የቱ እንደሆነ መለየት ነበር። የካቻቢቴውን ብረት ጥቅልሉ ላይ ታጋድምና ድንገት ትነጥቀዋለህ፤ በዚያች ቅጽበት መርፌው ትንሽ ይዘላል። ያንተ ዓይን ቅርቡን ስለማያይ መርፌውን የማየው እኔ ነበርኩ።

«ቀኝ ወይስ ግራ?»

«ግራ መሰለኝ።»

«መሰለኝ አይሠራም ትርንጎ፣ እንደገና።»

አሥር ጊዜ ታስደግመኛለህ። መርፌው ወደ ቀኝ ሲዘል የመለኪያው ቀይ ጫፍ ያረፈበትን ሽቦ በነጭ ፕላስተር ታስርበታለህ። የአንዱ ጥቅልል ፕላስተር የሌለው ጫፍ ከሌላው ፕላስተር ካለው ጫፍ ጋር ይቀጠላል፤ ከተሳሳተ ሁለቱ ጥቅልሎች አንዱ የሌላውን ድምፅ ይበላዋል፣ የሚወጣው እንደ ትንኝ ድምፅ የሳሳ ነው አልከኝ። እኔም ሳቅኩ። ያን ሰሞን ደስተኛ ነበርን፣ አይደል?

አድማሴ፣ በዚያው ክረምት ፈንታ ሦስት ጊዜ ደውሎ ነበር።

አንተ ሥራ ላይ ሳለህ የቤቱ ስልክ ላይ ነው የደወለው። በመጀመሪያው «እታለም፣ ደህና ነሽ? አድማሱ እንዴት ነው? ደውሏል በይልኝ» አለኝ። እሺ አልኩት። ስትመጣ ልነግርህ ነበር፤ ግን ደክሞህ መጣህ፣ በማግስቱም ሳልነግርህ ቀረሁ። ሐኪሙ እንዳይናደድ ብሎ ስለነበር ለልብህ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። እውነቱ ግን ቂም ነው። በዘመዶቼ ፊት ያዋረደህን ሰው ድምፅ ቤቴ ውስጥ አልፈለግኩም። በሁለተኛውም አልነገርኩህም። በሦስተኛው፣ ለሰግድ በዓል መጥቶ እግርህ ላይ ሊወድቅ እንደሚፈልግ ሲነግረኝ፣ «ነግሬዋለሁ፣ አይፈልግም» አልኩት። «በሰደር፣ እሺ እታለም» ብሎ ዘጋው። ከዚያች ቀን በአምስተኛው ሳምንት ሞትክ።

ቀብርህ ላይ ከሰዎች ራቅ ብሎ ቆሞ አየሁት። ሰባቱን ቀን ስንቀመጥ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እህል አልቀመሰም ማለት ይቻላል። በስድስተኛው ቀን ሰው ቀለል ሲል፣ «ጠልቶኝ ሞተ አይደል እታለም?» አለኝ። የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ተነሣሁ። መነሣቴን እንደ አዎ ወሰደው።

ከሠላሳው ቀን በኋላ የመርፔሴቱን ቁም ሣጥን ሳጸዳ ከብርድ ልብሶቹ ኋላ ጊታሩን አገኘሁት። የተሰነጠቀው እንጨት ተጣብቆ፣ ተሞርዶ፣ ቀለም ተቀብቷል። አዲስ ክሮች ገዝተህ ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጠሃል። ከሁለቱ ፒክአፖች የላይኛዋ ቦታዋ ገብታለች። የታችኛዋ፣ ያቺ ጠረጴዛችን ላይ የነበረችው፣ ሽቦዋ ሳይበየድ በፌስታል ተጠቅልላለች። ፕላስተሮቹ ላላ ብለው ወድቀዋል። ፌስታሉ ላይ በእስክሪብቶ «የፈንታ» ብለህ ጽፈሃል።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ሦስት ጊዜ ያባረርኩትን ሰው ጊታር አንተ ተደብቀህ ስትጠግን፣ መርፌውን የማነብልህ እኔው ነበርኩ።

ወዲያው ደውዬ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን መጀመሪያ ልጨርሰው አልኩ። ላንተ ያለኝ ፍቅር ነው ብዬ ለብርቱካን ነገርኳት፤ በውስጤ ግን ቀኑን እየገፋሁ እንደነበር አውቃለሁ። አርብ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ አንጥፌ ተቀመጥኩ። ጥንዶቹን አገኘሁ። በግራ እጄ መለኪያውን፣ በቀኜ ካቻቢቴውን ይዤ መርፌውን ለማየት ስታገል ሽቦዎቹ ያመልጡኛል። ማልኼም የምትለውን መበየጃህን ባግባቡ ሳልይዘው አውራ ጣቴን አቃጠለኝ፤ የአንዱ ሽቦ ልባስ ቀልጦ ቤቱ ሸተተ። አለቀስኩም፣ ተሳደብኩም፤ አንተንም ተሳደብኩ፣ ለምን አልነገርከኝም ብዬ። በአምስተኛው አርብ ሁሉም ታሰረ፣ ክሮቹም ተወጠሩ። ማዘግያ ሰበብ አለቀብኝ። ደወልኩለት።

ፈንታ መጣ። ጊታሩን ሲያይ መጀመሪያ አልነካውም። ያጣበቅከውን ስንጥቅ በጣቱ እየተከተለ፣ «እሱ ነው የሠራው?» አለኝ። እሱ ነው፣ ይህችን ሽቦ ብቻ እኔ ነኝ አልኩት። መስኮቱን ዘጋን፤ ዓመትህ ሳይሞላ ከዚህ ቤት ሙዚቃ እንዲሰማ አልፈለግንም። ትንሿን ማጉያህን ዝቅ አድርጎ ከፈታት። የላይኛዋን ብቻ ሞከረ፣ ጥሩ ናት። የታችኛዋን ሞከረ፣ እሷም ጥሩ ናት። የፒክአፖቹን መቀየሪያ መሐል አድርጎ ሁለቱን አንድ ላይ ሲሞክር ድምፁ ሳሳ፣ ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ መሰለ።

«ፋዛው፣ የሽቦው ጫፍ፣ ተገልብጧል እታለም» አለኝ። ተቆጥቶ አይደለም፤ ከሞትክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ ነው። «አንቺ ራስሽ ነሽ ያሰርሽው? ያላ፣ መለኪያውን አምጪው።»

ክሮቹን አላልቶ ፒክአፖቹን አወጣቸው። እሱ ካቻቢቴውን ሲነጥቅ እኔ መርፌውን አነበብኩ። የላይኛዋ ወደ ቀኝ ዘለለች፣ የታችኛዋ ወደ ግራ። ሁለቱን ጥቅልሎች እርስ በርስ በትክክል ቀጥያቸዋለሁ፤ ግን ስሠራ የመለኪያውን ቀይና ጥቁር ገመድ አቀያይሬ ሰክቼ ኖሯል፣ ፒክአፗ እንዳለች ተገልብጣለች። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ወደ መቀየሪያው የሚሄደውንና ወደ መሬት የሚሄደውን ጫፍ ማለዋወጥ። መበየጃውን ሊያግል ሰካው።

«ቀኝ ወይስ ግራ ይልሽ ነበር?» አለኝ፣ ብረቱ እስኪግል። «እኔንም ልጅ ሆኜ እንዲሁ ነበር የሚያደርቀኝ።»

ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። «ፈንታ፣ ስትደውል አልነገርኩትም» አልኩት። «አይፈልግም ያልኩህ የራሴ ውሸት ነው። እሱ መደወልህን ሳያውቅ ሞተ።»

መበየጃውን ማስቀመጫው ላይ አስቀመጠ። «ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

ቢጮህብኝ፣ ቢሰድበኝ ደግ ነበር። መበየጃውን ከሶኬቱ ነቀለና ጃኬቱን ለብሶ ወጣ፤ በሩን እንኳ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። ጊታሩ ሆዱ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። የዚያን ዕለት ሁለቱን ሽቦዎች እኔው ለዋወጥኳቸው፤ ብየዳው አያምርም፣ ግን ይዟል፤ ክሮቹንም መልሼ ወጠርኩ።

ስደውልለት አያነሣም። መልእክት ብጽፍ አይመልስም። ዘጠኝ ወር ገደማ እንዲህ ሆንን። ለዓመት ተዝካርህ ግን መጣ። ሽማግሌዎቹን አስተናገደ፣ ወንበር ተሸከመ፣ ብርቱካንን አንገቷን አቅፎ አለቀሰ። ለእኔ ግን ሰላምታ ብቻ። ቀድሞ «እታለም» ይለኝ የነበረው አሁን «ትርንጎ» ነው የሚለኝ። ሰው ሲበተን ጊታሩን አንሥቶ ማጉያዋ ላይ ሰካ፣ መቀየሪያውን መሐል አደረገ፣ አንዴ ብቻ መታው። ድምፁ ሞልቶ ወጣ። አጥፍቶ ሣጥኑ ውስጥ ከተተው።

ሣጥኑን ይዞ በሩ ላይ ሳለ ይቅርታ ልጠይቀው እግሩ ሥር ልወድቅ ስል ክንዴን ይዞ አቆመኝ። «ይቅርታሽን ምን ላድርገው?» አለኝ። «ሦስት ዓመት ወንድሜን አላየሁትም። አንቺ በየቀኑ አይተሽዋል። እሱን ንገሪኝ።»

ከዚያ ወዲህ አርብ ጠዋት ከአሽዶድ ይመጣል። ውሃ እንጂ ሌላ አይቀምስም። ይቀመጥና ይጠይቀኛል፦ ያን ክረምት ምን ይለብስ ነበር? ሲያመው ለማን ተናገረ? ስሜን አንሥቶ ያውቃል? አንዳንዱን አላውቀውም፣ አላውቅም እለዋለሁ። አንዳንዱ እኔን የሚያሳፍር ነው፣ እሱንም እነግረዋለሁ። አንድ ጊዜ መነጽር ለማስለካት አብረን ሄደን ፊደሎቹን በአማርኛ ጠርተህ ሐኪሟን ያሳቅካትን ስነግረው ሳቀ፤ ወዲያው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ይቅር ይለኝ እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠይቀውምም። አሁን ሁለተኛው ዓመት ላይ ደርሰናል። አንተን ማስታወስ ለእኔ ሐዘን ብቻ አይደለም አድማሴ፤ ከወንድምህ የወሰድኩትን ሰው ቀን በቀን እየመለስኩ ነው። እንዳይጠፋብኝ ሳምንቱን ሙሉ አስባለሁ፤ በአውቶቡስም፣ ክሊኒኩን ስጠርግም። ያልተናገርከውን አልጨምርልህም፣ የተናገርከውን አልቀንስብህም። ነገ አርብ ነው፤ ጎማው ፈንድቶ ዝናብ ውስጥ በእግርህ የመጣህበትን ቀን እነግረዋለሁ።

ያንተው ትርንጎ
ረሆቮት