የጤና አዳሜ አጥር

ወዳጄ ሙሐመድሸሪፍ፣

ስድስት ዓመት ሙሉ ዋሽቼሃለሁ። ባለቤቴ ሥርጉት ልታርፍ ስትል «ጥርሱን አደራ» ስላለችህ፣ በየገበያው ቀን የምትሰጠኝን መፋቂያ አንድም ቀን አልፋቅሁበትም። «እንዴት ያለ ቆንጆ አጥር ነው» ያልኸኝ የጤና አዳሜ አጥር የተሠራው በእሱው ነው።

እዚህ ሞጣ ልጄ አሰጋሽ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ጎትታ ወሰደችኝ። ሲሃም የምትባል ሐኪም ማንኪያ የምታህል ካሜራ አፌ ውስጥ ስታዞር ጥርሴ ኮምፒውተሩ ላይ ወፍጮ አክሎ ወጣ። ማሽኑ ቆሻሻ ያለበትን ቀይ ይቀባል። የእኔማ የተሰጣ በርበሬ መሰለልህ! እቤቴ ቢቸና ብሆን አፌን ገጥሜ አልፍ ነበር።

«አባባ፣ መቼ ነው የፋቁት?»

«ከቅዳሴ በፊት አፍ መጉመጥመጥ ጾም ያስገድፋል» አልኋት።

«የፍስክ ቀንስ?»

አሰጋሽ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ግን ፈራሁ፤ የአፌ እንዲህ ከታየ የልቤ በዚያ በፍርድ ቀን እንዴት ሊሆን ነው? የንስሐ አባቴ ያልጠየቁኝን ማሽን አጋለጠኝ።

ለባለቤትህ ለሳብሪያና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ጤና አዳሙን ውሃ አጠጣልኝ፤ አጥሩን ግን አትየው። ወዳጅህ የሺጥላ።

ፖስት ካርዱ ስለሞላ ይህን ጠርዙ ላይ ነው የጻፍሁት፦ ለመንገድ የሰጠኸኝን መፋቂያ ዛሬ ጠዋት ከኮቴ ኪስ አወጣሁና አሰጋሽ ደጃፍ ተቀምጬ፣ ጫፉ ብሩሽ እስኪሆን ፋቅሁበት።