ከገብስ ማሳዬ ዳር ስለቀረው አሥራ ሁለተኛ ቁራጭ

ለዩኒቨርሲቲው የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ አባላት፣

ክቡራን ሆይ፣ ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? እናንተም፣ ወንበራችሁም፣ ማህተማችሁም በጤና እንድትሰነብቱ ከላይ ጋይንት ምኞቴን እልካለሁ። እኔ የኬሚስትሪ መምህራችሁ የነበረው የተባባሪ ፕሮፌሰር ዘካርያስ ይርዳው እናት ነኝ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ስላላለፈ ይህችን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል፤ እናንተም የልጄን ማመልከቻ ለማንበብ ሁለት ዓመት ስለፈጀባችሁ አትታዘቡኝም።

1ኛ. ልጄ በኅዳር ታሞ አረፈ። በጥር፣ ተዝካሩን በምናወጣበት ዕለት ደብዳቤያችሁ ደረሰ። «የአፈር ሙከራው ማስረጃ ስላልተሟላ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በአካል ቀርበው እንዲያሟሉ» ይላል። ካህናቱ ለነፍሱ ዕረፍት ሲለምኑ እናንተ ሥጋውን ለስብሰባ በመጥራታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

2ኛ. ማስረጃው ጎድሏል ማለታችሁ ግን እውነት ነው። ያጎደልኩት እኔ ነኝ።

ዘካርያስ ከገብስ ገለባ ላስቲክ ይሠራ ነበር፤ እሱ ፖሊመር ይለዋል። አፈር ውስጥ እንደሚበሰብስ ለማሳየት ከሦስት ዓመት በፊት አሥራ ሁለት ቁራጭ ቁጥር ባለው ሽቦ አስሮ ከማሳዬ ዳር ቀበረ፤ በየላዩም ካስማ ተከለ። በየወሩ በሚካኤል ዕለት አንድ እያወጣሁ እንዳስቀምጥለት አደራ ብሎኝ ሄደ። ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤቴ ብርቄ፣ ያንቺ ፕሮፌሰር መተት መቅበር ነው እንዴ የተማረው ብላ በሰንበቴ ፊት ሳቀችብኝ። አፈርኩበት። በልጄ አፈርኩበት። በማግስቱ ቆፍሬ ያገኘሁትን ሁሉ አቃጠልኩ፤ እሱን ግን ጎርፍ ወሰደው አልኩት። አምኖኝ ለእናንተም እንደዚያው ጻፈ።

በሰኔ እርከኑን ስናድስ፣ ካስማው ወድቆ ያላገኘሁት አሥራ ሁለተኛው ወጣ። ሽቦው ከነቁጥሩ አለ፤ ላስቲኩ አፈር ሆኗል። ልጄ ያለው ሆኗል።

3ኛ. ለሙት ማዕረግ ስጡ አልልም። ከመዝገቡ ላይ ግን «ማስረጃ አላሟላም» የሚለውን ሰርዛችሁ «እናቱ አጠፋችበት» ብላችሁ ጻፉልኝ። ሽቦውን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

ለትዕግሥታችሁ እጅ እየነሳሁ፣ የልጇን ሥራ በእጇ ያቃጠለች፣
ሐረገ ወይን

ማስታወሻ፦ ደብዳቤያችሁን አንብቤ ወደ መጣበት ላስቲክ መልሼ በጥር ከዚያው ከማሳው ዳር ቀብሬው ነበር። ትናንት አውጥቼ አየሁት። ምንም አልሆነም፤ «በአካል ቀርበው» የሚለው ሳይቀር ጥርት ብሎ ይነበባል።